ለባልደረባ ስጦታ መዋጮ ሲሰበሰብ፦ ከመጀመሪያው መልእክት እስከ መጨረሻው ሒሳብ

የክፍላችን የመዋጮ ደብተር እኔ ዘንድ ከገባ ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ ከሌሎች ክፍሎችም ሆነ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «የባልደረባችን ሠርግ ደርሷል፤ መዋጮውን አንተ ያዝ ተብያለሁ። ሰው ሳይቀየመኝ እንዴት ልሰብስብ?» ከአዋጪዎች በኩል የሚመጣው ደግሞ «ስንት ብሰጥ ይበቃል?» የሚል ነው። ለሁለቱም በየጊዜው በስልክ ከመመለስ በጽሑፍ ማስቀመጥ ስለሚሻል ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። መመሪያው የሚመለከተው ለሠርግ፣ ለወሊድ፣ ለዝውውር ሽኝትና ለጡረታ የሚሰበሰበውን መዋጮ ሲሆን፣ ለቅሶ አካሄዱ ስለሚለይ መጨረሻ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ዕቁብና ዕድር የራሳቸው ደንብና ዳኛ ስላላቸው እዚህ አልተነሡም።

ደረጃዎቹ ሁሉ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው። ማን ስንት እንደሰጠ ከሰብሳቢውና ከአንድ ምስክር በቀር ማንም አያውቅም፤ በጠቅላላው ስንት እንደተሰበሰበና ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ ግን ሁሉም ያውቃል። በብዙ ቦታ የሚሠራው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው መዋጮ በወረቀት ላይ ተጽፎ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፣ ጠቅላላ ድምሩን ግን የሚነግር የለም።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

• አንድ ጥራዝ ደብተር። ብጣሽ ወረቀት ይጠፋል፣ ይገለበጣል፣ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይም ይረሳል።
• ከሰው ሀብት ክፍል የተወሰደ ወቅታዊ የሠራተኛ ስም ዝርዝር። በቃልዎ የያዙት ዝርዝር መስክ የወጣውንና ትናንት የተቀጠረውን ይዘላል።
• ተለጥፎ የሚዘጋ ሣጥን ወይም ትልቅ ፖስታ፣ እንዲሁም ሰው ገንዘቡን የሚጨምርባቸው ትናንሽ ፖስታዎች።
• ከግል ገንዘብዎ ጋር የማይቀላቀል የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ። ሁለተኛ ሒሳብ ከሌለዎት የገባውን በየዕለቱ ደብተሩ ላይ ያስፍሩ።
• አንድ ምስክር፣ ማለትም ገንዘቡ ሲቆጠር አብሮዎት የሚገኝ ባልደረባ። የቅርብ ጓደኛዎ ባይሆን ይመረጣል።
• ሰፊ የመልካም ምኞት ካርድና ሁለት እስክሪብቶ።

አሠራሩ

1. ጉዳዩ መዋጮ የሚጠይቅ መሆኑን ያረጋግጡ።

ወሬ ሰምተው አይነሡ። ለሠርግ ከሆነ የጥሪ ካርዱ እጅዎ እስኪገባ ወይም ባለጉዳዩ በራሱ አንደበት እስኪናገር ይጠብቁ፤ ቀኑ የሚገፋ ሠርግ ብዙ ነው፣ ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ሲገፋ ደግሞ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ለወሊድ ከሆነ እናትየዋ በሰላም መገላገሏን ሳይሰሙ መሰብሰብ አይጀምሩ። ከወሊድ በፊት ለሕፃን ዕቃ መግዛት ደስ የማይለው ሰው በመካከላችን ብዙ ነው፤ ነገሩ እንዳሰቡት ባይሆን ደግሞ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ የሕፃን ዕቃ የማንንም ዓይን ያስለቅሳል። የልደት ቀን መዋጮ ከሆነ በቅድሚያ የባለልደቱን ፈቃድ በቅርብ ጓደኛው በኩል ይጠይቁ፤ በእምነታቸው ምክንያት ልደት የማያከብሩ፣ ዕድሜያቸውም እንዲነሣ የማይፈልጉ ሰዎች አሉ።

ለምን ያስፈልጋል? አንዴ የወጣ መዋጮ ሌላውን ይጎትታል። ለአንዱ የተደረገ ለሌላው ከቀረ ቅሬታ ይነሣል፤ ስለዚህ ክፍሉ መዋጮ የሚያወጣባቸውን ጉዳዮች (ለምሳሌ ሠርግ፣ ወሊድ፣ ዝውውርና ጡረታ) በስብሰባ ወስኖ ቢይዝ ለሰብሳቢውም እፎይታ ነው።

2. ማንን እንደሚጠይቁ ይወስኑ።

ባለጉዳዩ በየቀኑ አብሯቸው የሚሠራ ሰዎች ይበቃሉ። አራተኛ ፎቅ ላለ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ ለማያውቀው ባልደረባ ሰውን ገንዘብ መጠየቅ መዋጮውን ግብር ያስመስለዋል። በሙከራ ጊዜ ላይ ያሉ ሠራተኞች፣ ተለማማጆች፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወጡና በሌላ ድርጅት በኩል የተቀጠሩ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች በቀጥታ አይጠየቁም። ነገር ግን በራሳቸው ፈቃድ ለመስጠት ከመጡ በደስታ ይቀበሉ፤ መመለስ ከመጠየቅ የባሰ ማሳፈር ነውና።

በዚህ ደረጃ የሚሠራው የታወቀ ስሕተት መልእክቱን ባለጉዳዩ ባለበት የቴሌግራም ቡድን ላይ መላክ ነው። «ስለማጠፋው ችግር የለም» አይበሉ፤ መልእክቱ ገና ሳይጠፋ ስልኩ ላይ ብቅ ብሎ ይነበባል። ባለጉዳዩ የሌለበት አዲስ ቡድን ይክፈቱ፣ ስሙንም «ስብሰባ» ወይም ሌላ ዓይን የማይስብ ነገር ይበሉት።

3. ወለል ሳይሆን ጣሪያ ያስቀምጡ።

«ቢያንስ 500 ብር» የሚል ማስታወቂያ የሌለውን ሰው በር ላይ ያስቀረዋል። «የቻላችሁትን» ብሎ መተው ደግሞ የልግስና ይመስላል እንጂ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን እየጠየቀ እንዲዋልል ያደርገዋል። የሚሻለው «ከ500 ብር እንዳይበልጥ፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እኩል ነው» ማለት ነው። ጣሪያው፣ ገንዘብ ያለው ሰው ሲያበዛ ሌላው የሚገባበትን ጭንቀት ያስቀራል።

ጣሪያውን ከስጦታው ዋጋ ተነሥተው አያስሉ፤ ከሰዎቹ አቅም ተነሥተው ያስሉ። በክፍሉ 24 ሰዎች አሉ፣ ጣሪያውም 500 ብር ነው እንበል። 24 ሲባዛ በ500፣ 12,000 ብር ይሆናል፤ ነገር ግን 12,000 ብር ይገባል ብለው ስጦታ ቢያዝዙ ልዩነቱን ከኪስዎ ይከፍላሉ። ከ24ቱ ውስጥ 16ቱ ቢሰጡና ግማሾቹ 500፣ ግማሾቹ 300 ቢያደርጉ የሚገባው 6,400 ብር ነው። ዕቅድዎን በዚህ ላይ ይመሥርቱ፤ ከዚያ በላይ የገባው ትርፍ ነው።

4. ቀኑን ከደመወዝ ጋር ያስማሙ።

መልእክቱን ደመወዝ በተከፈለ በማግሥቱ ያውጡ፣ መዝጊያውንም ከሳምንት አያርዝሙ። ወር አጋማሽ ላይ የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ተበድሮ ነው የሚሰጠው። በተለይ ከጳጉሜን እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ መዋጮ ባይጀመር ይሻላል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚከፍሉ መሥሪያ ቤቶች ጳጉሜን ለብቻዋ ደመወዝ የላትም፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዘመን መለወጫና መስቀልም ተከታትለው ይመጣሉ።

ሠርግ ደግሞ በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ፣ እንደገናም ከፋሲካ በኋላ ስለሚደራረብ፣ በአንድ ወር ሁለት ወይም ሦስት ሙሽሮች ቢኖሩ መዋጮውን በአንድ ጊዜ ያውጡና የገባውን እኩል ያካፍሉት። ለየብቻው ከሆነ የመጨረሻዋ ሙሽራ የተራቆተ ኪስ ነው የምታገኘው። ጡረታ ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ፣ ባለጉዳዩ 60 ዓመት ከሚሞላበት ወር ሁለትና ሦስት ወር ቀድመው በትንሽ በትንሹ መሰብሰብ ይችላሉ።

5. መልእክቱን አንድ ጊዜ ያውጡ፣ አንድ ጊዜ ያስታውሱ።

መልእክቱ ለማን፣ ለምን፣ እስከ መቼ፣ በምን መንገድ የሚሉትን አራት ነገሮች መያዝ አለበት። እኔ የምጠቀምበት ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባልደረባችን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ስለተዛወሩ የሽኝት ስጦታ ለመግዛት አስበናል። መስጠት የሚፈልግ እስከ ዓርብ 11 ሰዓት ድረስ በፖስታ አድርጎ በሣጥኑ ውስጥ መጨመር ወይም በቴሌብር መላክ ይችላል። ከ500 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተናል። በዚህ ወር ላልተመቸው ሰው ምንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ካርዱ ላይ ሁላችንም እንፈርማለን።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር። ብዙ ሰው በይሉኝታ የሚሰጠው ስሙ ከካርዱ ላይ እንዳይጎድል ፈርቶ ነው፤ ያንን ፍርሃት ከመነሻው ካነሡለት የሚሰጠው ወዶ ይሆናል። የማስታወሻው መልእክት ለሁሉም በጋራ የሚላክ ነው። ለአንድ ሰው ለብቻው «አንተ እኮ አልሰጠህም» ብሎ መላክ፣ በሻይ ሰዓት ጠጋ ብሎም መጠየቅ ክልክል ነው። የማስታወሻውም ቁጥር አንድ ብቻ ነው።

6. ገንዘቡን ሲቀበሉ መጠኑን ከሌላ ዓይን ይጠብቁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያጠፋሁት ራሴ ነኝና። በመጀመሪያ ሥራዬ ላይ፣ ለአንድ ባልደረባ ሠርግ ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት አዘጋጅቼ አዞርኩ፦ ስም፣ የገንዘብ መጠን፣ ፊርማ። ወረቀቱን መጀመሪያ የወሰድኩት፣ አክብሮት መስሎኝ፣ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ነበር፤ እሳቸውም 500 ብር ጽፈው ፈረሙ። ከሥራቸው ያሉት ሁሉ 500፣ 500 እያሉ ወረዱ። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ የጽዳት ሠራተኛችን 50 ጻፈች፣ ወደ ላይ አየች፣ ከዚያም አንድ ዜሮ ጨመረች። ቦታው ስላልበቃት ያቺ ዜሮ በፊርማው ዓምድ መስመር ላይ ተጣብቃ ቀረች። በሳምንቱ ለታክሲ 100 ብር ከእኔው ተበደረች። ወረቀቱ እስካሁን እኔ ዘንድ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዝርዝር ወረቀት አዙሬ አላውቅም።

ስለዚህ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይያዙ። የመጀመሪያው ሣጥን ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፖስታ ይታደላል፣ የሚሰጠውም የማይሰጠውም ፖስታውን አሽጎ ይጨምራል፣ ስም አይጻፍም። በዚህ መንገድ ማን እንደሰጠ ሰብሳቢውም አያውቅም፤ ችግሩ መዋጮው ቢሰረዝ ለማን ምን እንደሚመለስ አለመታወቁ ነው። ሁለተኛው ደብተር ነው፤ እርስዎ ብቻ ስምና መጠን ይመዘግባሉ፣ ደብተሩም ተቆልፎበት ይቀመጣል። በቴሌብርና በባንክ የሚላከው በማናቸውም መንገድ ስምና መጠን ይዞ ስለሚመጣ እኔ ደብተሩን እመርጣለሁ፣ ሣጥኑንም በጥሬ ገንዘብ መስጠት ለሚፈልግ አስቀምጣለሁ።

በስልክ ለሚላከው ገንዘብ ሦስት ነገሮችን ያስጠንቅቁ። አንደኛ፣ ላኪው ከማረጋገጡ በፊት የተቀባዩን ስም እንዲያይ፤ በአንድ ቁጥር ስሕተት ወደ ሌላ ሰው የሄደን ገንዘብ ማስመለስ አድካሚ ነው። ሁለተኛ፣ የላከበትን ደረሰኝ ፎቶ በቡድኑ ላይ እንዳይለጥፍ፤ አንድ ሰው ከለጠፈ ሌላውም መለጠፍ ግዴታ ይመስለውና የተከለከለው ዝርዝር ወረቀት በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል። ሦስተኛ፣ መልእክት መጻፊያ ካለ «መዋጮ» ብሎ እንዲጽፍ፤ ያለዚያ የወር መጨረሻ ላይ የገባው 300 ብር ዕዳ ይሁን መዋጮ ለይተው አያውቁትም።

«ለእኔም ጨምርልኝ፣ ኋላ እሰጥሃለሁ» የሚልዎት ሰው ይኖራል። በትሕትና እምቢ ይበሉ። ያልተመለሰ 200 ብር የሁለት ባልደረቦችን ሰላምታ ያቀዘቅዛል፤ ሰብሳቢ ደግሞ በዓመት አሥር ጊዜ እንዲህ ቢያደርግ የአንድ ሰው የቤት አስቤዛ ከኪሱ ይወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ መዋጮውን በፋይናንስ ክፍል በኩል ከደመወዝ ላይ ማስቆረጥ ቀላል መስሎ ቢታይም አይሞክሩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚመለከታቸው ቦታዎች፣ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በስብሰባ ላይ «የሚቃወም አለ?» ተብሎ ዝም መባሉ የጽሑፍ ስምምነት አይደለም።

7. ከምስክርዎ ጋር ቆጥረው ድምሩን ያስታውቁ።

ሣጥኑን ብቻዎን አይክፈቱ። ሁለታችሁም ቆጥራችሁ፣ በስልክ የገባውን ደምራችሁ፣ በደብተሩ ላይ ፈርሙ። ከዚያም በቡድኑ ላይ «16 ሰዎች ሰጥተዋል፤ ድምሩ 6,400 ብር ነው» ብለው ይጻፉ። የሰጪዎች ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም፤ ምክንያቱም የሰጡት ከተዘረዘሩ ያልሰጡትን ለማወቅ ማንም መቀነስ ይችላል። አነስተኛ ክፍል ከሆነና ቁጥሩ ራሱ ሰውን የሚያጋልጥ ከሆነ (ከስድስት ሰዎች አምስቱ ቢሰጡ) ድምሩን ብቻ ይንገሩ።

8. ስጦታውን ይግዙ።

ለሠርግ፣ የምሥጢሩ ቁልፍ ያለው ከሙሽራው ወይም ከሙሽራዋ የቅርብ ጓደኛ ዘንድ ነው። አዲስ ጎጆ የሚወጡ ከሆነ ዕቃ ደስ ይላል፣ ግን ሦስት ወገን ያው ቡና ማፍያ ማሽን እንዳያመጣ ይጠይቁ። ማረጋገጥ ካልቻሉ ገንዘቡን በፖስታ መስጠት ነውር የለበትም፤ ከሠርግ በኋላ ባዶ የሚቀረው ኪስ ነው። ብሮቹ አዳዲስ ቢሆኑ፣ ፖስታውም ንጹሕ ቢሆን መልካም ነው።

ለወላድ፣ ለእናቲቱም ያስቡ። አጃ፣ ቅቤ፣ ማር ወይም ዶሮ ለገንፎውና ለአራስ ቤቱ ይጠቅማሉ፤ ዳይፐር ከገዙም ከሁሉ ትንሹን ቁጥር ትተው ተከታዩን ይያዙ፤ ጠያቂ ሁሉ የሚያመጣው ትንሹን ነው፣ ሕፃኑም በጥቂት ሳምንታት ያልፈዋል። የወሊድ ፈቃድ በአዋጁ መሠረት ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ስለሆነ፣ ወደ ሥራ እስክትመለስ ስጦታውን ማቆየት ትርጉም የለውም፤ ቤቷ ድረስ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ከሆነች ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን እንደሆነ ያስታውሱና ከዚያ በፊት ይሂዱ፤ የክርስትናው ዕለት ቤቱ እንግዳ ይበዛበታል።

ለጡረተኛ ጋቢ የተለመደ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ፤ ጥሩ ጋቢ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ሽሮ ሜዳ ከሄዱ በሱቁ መብራት ሥር ብቻ አይግዙ፣ በር ላይ አውጥተው በቀን ብርሃን ይዩት። ጋቢ አራት ድርብ መሆኑን ከጫፉ ይቁጠሩ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው ከተባሉም በጣትዎ ይዳብሱት፤ የእጅ ፈትል አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ቀጠን ይላል፣ የፋብሪካ ክር ግን ወጥ ነው። ረጅም ሰው ከሆኑ ትከሻዎ ላይ ጣል አድርገው ቁመቱን ይለኩ። ስለ ግድግዳ ሰዓት አንድ ነገር ልበል፦ ወደ ጡረታ የወጡ የማውቃቸው ሰዎች ቤት ሁሉ ሁለት ሁለት አለ፤ ለእነሱ ሰዓት መቁጠር ያበቃው ያን ቀን ነበር።

ደረሰኝ ይቀበሉ። የተረፈ ገንዘብ ካለ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ከስጦታው ጋር በፖስታ ይግባ። «ለሚቀጥለው ይቀመጥ» ማለት የሰጪውን ፈቃድ መቀየር ነው፤ ሰው የሰጠው ለዚህ ባልደረባ እንጂ ገና ላልታወቀው አይደለም።

9. ካርዱ ላይ ሁሉም ይፈርም።

ካርዱን ከገንዘቡ ለይተው፣ መዋጮው ከተዘጋ በኋላ ያዙሩ፤ ዝርዝሩንም ከሰው ሀብት ከወሰዱት የስም ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። የሰጠም ያልሰጠም፣ መስክ የወጣም ጭምር ስሙ ይግባ። ለሌለው ሰው በስልክ ጠይቀው በስሙ አንድ መስመር ይጻፉለት። ይህ ካልሆነ ካርዱ ራሱ ያልከፈሉትን የሚያጋልጥ ዝርዝር ይሆናል፤ እስካሁን በሣጥንና በደብተር የጠበቁትን ምሥጢር በአንድ ወረቀት ያፈሱታል።

10. ስጦታውን ያስረክቡ።

አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ኬክ ካለ ቀኑን ይዩ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በአጽዋማት ወቅት የጾም ኬክ ይዘዙ፣ በረመዳን ደግሞ የምሳ ግብዣ አያድርጉ። ንግግሩን ባለጉዳዩን በቅርብ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢያደርግ ከኃላፊው ረጅም ንግግር ይሻላል። ጋቢ ከሆነ በዕድሜ አንጋፋ የሆነ ባልደረባ ትከሻ ላይ ያልብስ፤ በዕቃ መልክ የተጠቀለለ ከሆነ ግን በሁለት እጅ ይሰጥና «ክፈተው» ተብሎ ባለጉዳዩ አይወጠር፤ ስጦታን በሰጪው ፊት መፍታት ለብዙዎቻችን ይከብዳል። የተሰበሰበው ገንዘብ መጠን በዚህ ሥነ ሥርዓት ላይ በፍጹም አይነገርም።

11. ሒሳቡን ይዝጉ።

በማግሥቱ ለቡድኑ ሦስት መስመር ይላኩ፦ የገባው፣ የወጣው፣ የተረፈው የት እንደደረሰ። ደረሰኙን ፎቶ አንሥተው ያያይዙ፤ ባለጉዳዩ በቡድኑ ውስጥ አለመኖሩን ግን እንደገና ያረጋግጡ። ከዚያም ቡድኑን ይዝጉት። ያልተዘጋ ቡድን ለሚቀጥለው መዋጮ ሲያገለግል፣ የቀድሞው ባለጉዳይ ከቡድኑ ውጭ እንደሆነ ይቀርና የሚቀጥለው ባለጉዳይ ውስጥ ይገኛል።

ለአለቃ የሚደረግ ስጦታ

ለኃላፊ የሚሰበሰብ መዋጮ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሰው ፈቃደኛ ሆኖ ይሁን ፈርቶ መለየት አይቻልምና። ኃላፊው በሥልጣን ላይ እያለ ከካርድና ከአበባ ባይበልጥ፣ ወደ ሌላ ቦታ ከሄደ ወይም ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ባልደረባ ቢቆጠር ይሻላል። ከመግዛትዎ በፊት የመሥሪያ ቤቱን የሥነ ምግባር ደንብ ያንብቡ፤ በተለይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊው ስጦታውን ለመቀበል የማይፈቀድለት ሊሆን ይችላል። ኃላፊ የሆነ ሰው ደግሞ መዋጮ ሰብሳቢ አይሁን፤ ደብተሩን የያዘው የዓመት ፈቃድ የሚፈቅደው ሰው ከሆነ «አልተመቸኝም» የሚል አይገኝም።

ስንት ልስጥ ለሚለው

በዓመት ስንት መዋጮ እንደሚመጣ በጣትዎ ይቁጠሩ፤ በአማካይ ስምንት ከሆነና በዓመት 2,400 ብር ለዚህ መመደብ ከቻሉ አንዱ 300 ብር ነው። በጣም ለሚቀርብዎት ከፍ፣ ለሌላው ዝቅ ያድርጉ፣ ድምሩ ግን እንዳያልፍ። ወደ ሠርጉ በግልዎ ተጠርተው በፖስታ የሚሰጡ ከሆነ በመሥሪያ ቤቱ መዋጮ ላይ በትንሹ መሳተፍ ወይም መተው ይችላሉ፤ ሁለት ጊዜ መስጠት ግዴታ አይደለም። ካልተመቸዎት «በዚህ ወር አልተመቸኝም፤ ካርዱ ላይ ግን እፈርማለሁ» ይበሉና ያቁሙ። የኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ዝርዝር ማቅረብ አያስፈልግም፤ ማብራሪያ ሲበዛ ሰብሳቢው ይቅርታ ጠያቂ ይሆናል።

ለቅሶ ሲሆን

ለሐዘን የሚሰበሰበው ስጦታ ስላልሆነ ከላይ ያሉት ደረጃዎች ግማሹ አይሠራም። ደመወዝ አይጠበቅም፣ ሳምንትም አይሰጥም፤ መርዶው በተሰማ ዕለት ወይም በማግሥቱ መድረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ክፍሉ ለዚህ ብቻ የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ አስቀድሞ ቢይዝ፣ መጠኑንም ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅና ወንድም ወይም እኅት ለሞተበት ሰው እኩል አድርጎ ቢወስን፣ በሐዘን ቀን ስለ ብር አይነጋገርም። ገንዘቡ በፖስታ ሆኖ ለሐዘንተኛው ወይም ለቤተሰቡ ቅርብ ሰው በጸጥታ ይሰጣል፤ ካርድ፣ ፎቶግራፍና ንግግር አያስፈልግም።

የሚሄዱት በአንድ ላይ ቢሆኑ ይመረጣል። በኦርቶዶክስ ቤት እስከ ሠልስት ባሉት ቀናት፣ በሙስሊም ቤትም በሦስቱ የሐዘን ቀናት ውስጥ ይድረሱ። ሲገቡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብለው ይቀመጡ፤ ስለ ሥራ ጉዳይ አይነሣም፣ «መቼ ትመለሳለህ?» የሚለውም ጥያቄ በሌላ ቀን የሚጠየቅ ነው። ሩቅ አገር የሆነ ለቅሶ ከሆነ ገንዘቡን ይላኩና ሐዘንተኛው ሲመለስ ቤቱ ሄደው ይጠይቁት።

መዋጮው ቢሰረዝስ?

ሠርጉ ቢፈርስ ወይም ዝውውሩ ቢቀር፣ ስጦታው ገና ካልተገዛ ገንዘቡን ለእያንዳንዱ እንደ አሰጣጡ ይመልሱ። በስልክ የተላከው በመጣበት መንገድ ይመለስ፣ የመመለሻ ክፍያ ካለ ከጠቅላላው ላይ እኩል ይቀነስ። በሣጥን የተሰበሰበው ስም ስለሌለው ሊመለስ አይችልም፤ በዚያ ጊዜ ለክፍሉ የለቅሶ መጠባበቂያ እንዲገባ ሐሳብ ያቅርቡና ከተስማሙ ብቻ ያስገቡ። ስጦታው ተገዝቶ ከሆነ በደረሰኙ ሱቁን ይጠይቁ፤ ሱቁ እምቢ ካለ ዕቃውን በመሳቢያ ቆልፈው ያስቀምጡና ቀኑ እስኪለይ ድረስ ስለ ጉዳዩ ማንንም አይጠይቁ፣ በተለይም ባለጉዳዩን።